ዜማ አይተረተርም

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «አቶ ነገ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሱሪዬ ደረሰ ወይ ብሎ ለመጣ ሁሉ መልሱ «ነገ» ነዋ! ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው፤ አንዲት ስፌት ከመስመር ከወጣችበት እንቅልፍ አይወስደውም። ማንም የማያያት የውስጥ ስፌት ብትሆን እንኳ ይተረትራታል፣ ተርትሮ ከመጀመሪያው ይሰፋል፣ ሰፍቶ አገላብጦ ያይና ደግሞ ይተረትራል። ደንበኛው በንዴት ይጦፋል፤ ልብሱን የለበሰ ቀን ግን ቁጣውን ረስቶ መስታወቱ ፊት ይሽከረከራል። ሰውዬው እንዲህ እየሰፋና እየተረተረ ሃምሳ ዓመቱን ደፈነ።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅና ጊታር ልማር ብሎ የተነሣው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ታላቅ እህቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ልትወጣ ነው። ለስንብቷ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካ ሱቁ መጣችና፣ ክንዶቿን ዘርግታ እንደቆመች ሆዷ ውስጥ የነበረውን ነገረችው። በስንብቱ ላይ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን የምትቀበልባትን መዝሙር ለመጨረሻ ጊዜ ልትዘምር ፈልጋለች። መዝሙሯን የደረሰቻት ራሷ ናት። አጃቢ ግን የላትም፤ ዳይሬክተሩም የሆነ ሙዚቃ በስልክ እንክፈትልሽ ብለዋታል። ያን ሁሉ ዘመን አገልግላ በስልክ! ወንድሟ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እኔ አጅብሻለሁ፣ እትዬ። በጊታር።»

ጊታር የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም። እህቱ ግን መቼ ተማርክ ብላ አልጠየቀችውም። አባትና እናታቸው ሥራ ሲውሉ አዝላ ያሳደገችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው፣ ንፍጡን የጠረገችለት እሷ ናት፤ ያደርገዋል ብላ አመነች። በመስታወቱ ውስጥ አየችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ለዳይሬክተሩ ነገረች፣ ዳይሬክተሩ ለመምህራኑ፣ መምህራኑ ለወላጆች፣ በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ሱሪ ቢሆን ነገ ይባላል። የእህት የስንብት ቀን ግን ነገ ተብሎ አይገፋም።

ጊታር ሊገዛ የሄደ ዕለት መደብሩ ውስጥ የተደረደሩትን ጨርቅ እንደሚመርጥ በጣቱ እየዳሰሰ አለፈና፣ ለልጆች መዝሙር የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ሻጯን ጠየቃት። ጥቁሩን ለሐዘን ዘፈን፣ ነጩን ለሰርግ አድርጎ በልቡ መድቦ ጨርሷል። ሻጯ ሁሉም ሁሉንም ዘፈን ይጫወታሉ ስትለው አላመናትም፤ ሁሉን እሠራለሁ የሚል ማሽን አንዱንም ደህና አድርጎ አይሠራም ብሎ ቢጫውን መረጠ። ሻጯ ክሮቹን ስትቃኝለት ቆሞ ጠበቀና፣ ይህ ቅኝት ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ጠየቃት። ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ካርቶን ፈለገች።

ቤቱ እንደገባ ክሮቹ የሚጠመዘዙባቸውን ቁልፎች እንዳይነቃነቁ በፕላስተር ጠቀለላቸው። ሚስቱንም አቧራውን እጠርጋለሁ ብላ ቅኝቱን እንዳታፈርስ አስጠነቀቃት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጊታሩ ድምፁ ሲበላሽ ፋብሪካውን ረገመ። ክሮቹ ጣቱን ሲልጡት ደግሞ መላ መጣለት፤ ልብስ ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋትን የብረት ቆብ በአራቱም ጣቶቹ ላይ ሰካ። ዳቦ ቤት ውስጥ ስትሸጥ ውላ የገባችው ሚስቱ የምን ዕቃ ነው የተሰበረው እያለች ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ክሮቹ ሲጢጥ ሲሉበት የስፌት ማሽን ዘይት ቀባቸው። የዚያን ዕለት ጣቱ አንዱም ቦታ ላይ አልቆም ብሎት እየተንሸራተተ ዋለ፤ ሚስቱም አሁን ገና ደህና ዘፈን ተጫወትክ፣ ምንም አይሰማም ብላ አመሰገነችው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ቢላት፣ ያንተው እንቁላል ግን ወደ ኋላ ነው የሚሄደው አለችው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀጠለ፤ ጊታሩንም ሱቅ ይዞ ይሄድ ጀመር።

ከሱቁ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለያየው ሰዓት ሠሪ ነው። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ሆቴል ውስጥ በሚጫወት ባንድ ጊታር ይመቱ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አያወሩም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማውን መታገሥ አቃታቸውና ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ገቡ። ፕላስተሩን ላጡ፣ ዘይቱን በቁራጭ ጨርቅ ጠረጉ፣ ከጣቶቹም ላይ ቆቦቹን አንድ በአንድ ለቅመው ማሽኑ ላይ ደረደሩ። ልብስ ሰፊው ችግሩ የድምፅ ማጉያ አለመኖሩ እንደሆነ፣ ትልቅ ስፒከር ቢገዛ እንደሚስተካከል አስረዳቸው። ሽማግሌው ስፒከሩ ስህተቱንም አብሮ እንደሚያጎላው ነገሩት። ጊታር በተነሣ ቁጥር ይቃኛል፣ ጣትም ቆዳው እስኪጠነክር ያማል፤ ለአንድ የልጆች መዝሙር ደግሞ ሦስት ኮርድ፣ ማለትም ሦስት የጣት አያያዝ፣ ይበቃል አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳቸውን እየተው ያስተምሩት ጀመር።

ተማሪው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን በመርፌና በክር የታሸ እጅ ነውና ሦስቱን ኮርዶች ቶሎ ያዘ። ጣቱ ቦታውን ሲያገኝና ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣ እንደ ልጅ ደስ ይለዋል። ሚስቱም ማላገጧን ትታ ዳቦ ቤት ውስጥ መዝሙሩን ስታንጎራጉር ተገኘች። ሁሉም ነገር ደህና የሄደ መሰለ።

የስንብቱ ቀን ሲቃረብ ግን ሰዓት ሠሪው ግራ የተጋባ ፊት ይዘው መጡ።

«ስማ፣ እኔ እኮ መዝሙሩ አጭር መስሎኝ ነበር» አሉት። «በግድግዳው ሁልጊዜ የምሰማው ያቺኑ መጀመሪያዋን ነው። መጨረሻው የት አለ?»

«እሱ ጋ ገና አልደረስኩም፣ ጋሼ።»

«እንዴት አትደርስም? ይኼን ያህል ጊዜ ስትመታ?»

«ስሳሳት ከመጀመሪያው እጀምራለኋ። የተበላሸ ነገር ላይ እንዴት ይቀጠላል? ሲሳሳቱ ተርትሮ እንደገና መስፋት ነው።»

ሽማግሌው ማሽኑ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ነው ጉዱ የገባቸው። ሰውዬው እነዚያን ሁሉ ቀናት የመዝሙሩን አንገትጌ ብቻ ሲሰፋና ሲተረትር ኖሯል፤ እጅጌው ጋ ደርሶ አያውቅም።

«ዜማ ጨርቅ አይደለም» አሉት። «ያለፈው አልፏል፣ መርፌ አይደርስበትም። ስትሳሳት ሰው ይረሳልሃል። ስታቆም ግን ማንም አይረሳልህም።»

ልብስ ሰፊው በጭንቅላቱ ገብቶታል። እጁን ማን ያስረዳው? ሽማግሌው እግራቸውን መሬት ላይ እየመቱ ቀጥል ይሉታል፣ እሱም እሺ ይላል፤ አንዲት ኮርድ ስትፈነግጥበት ግን እጁ በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል፣ ወደ መጀመሪያውም ይመለሳል። ተቆጡት፣ ለመኑት፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሽማግሌው እጃቸውን አራግፈው ወደ ሰዓቶቻቸው ተመለሱ። እሱም ፈራ። እህቱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ መዝሙሯን ስትጀምር፣ እሱ ደግሞ እንደገና፣ እንደገና እያለ በመጨረሻ ቀኗ መሳቂያ ሲያደርጋት ታየው። ስልኩ ይሻልሻል ሊላት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ቀሚሷ አውርቶ ተመለሰ።

ቀኑ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሏል፤ ሕፃናቱ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ወላጆች ከኋላ ቆመዋል፣ ከወላጆቹም ብዙዎቹ በልጅነታቸው እሷው ያስተማረቻቸው ናቸው። ሚስቱ ፊት ወንበር ላይ ናት፣ ሰዓት ሠሪው በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፈዋል። እህቱ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። በሕይወቱ በቀጠሮው ቀን ያደረሰው ልብስ እሱ ብቻ ነው፣ ያውም አምሮባታል። ልብስ ሰፊው ቢጫ ጊታሩን አቅፎ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ፀሐይ ወጣች፣ በሩ ተከፈተ፣ ማን ቀረ፣ ማን መጣ» ብላ ጀመረች።

እሱም ጀመረ። እዚህ ድረስ ያለውን ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ እስከ ዛሬ የመታው ይህንኑ አይደል? ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ከኋላ አንዱ አባት አቶ ነገ ነው እንዴ ሲል ተሰማ። እህቱ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ተሻገረች፤ እሱም አብሯት ሊሻገር ሲል ጣቱ አንድ ክር ስታ ሌላ ያዘች። አስቀያሚ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። እጁ ቀጥ አለ።

«እትዬ፣ ቆይ» አለ። «ከመጀመሪያው።»

ሰው ሁሉ ሰማው። እሷም ሰምታለች። ግን አልቆመችም። ዞር ብላም አላየችው፤ እግሯን ወለሉ ላይ እየመታች፣ ያለ ጊታር፣ መዝሙሯን ይዛ ቀጠለች።

ሕፃን ሳለ ትምህርት ቤት የምትወስደው እሷ ነበረች። መንገድ ላይ ወድቆ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲያለቅስ ተመልሳ አታነሣውም ነበር፤ እየዘፈነች ትሄዳለች፣ እሱም እየራቀች መሆኑን ሲያውቅ ለቅሶውን ትቶ ይሮጣል። አሁንም ድምፅዋ ስንኝ በስንኝ እየራቀው ነው። ልጆቹ አጨብጭበው ተከትለዋታል። ወንበሩ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እና ያኔ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር በቃ አለ። የተበላሸችው ስፌት እዚያው ትቅር፤ እኔ እህቴን አልለያትም ብሎ፣ የት እንዳለች እንኳ ሳያውቅ ዘሎ ገባ።

መጀመሪያ የገባው በተሳሳተ ኮርድ ነው። አላቆመም። ቀጥሎ ሌላ ሞከረ፣ ያም አልሆነም፤ ሦስተኛው ግን ገጠመ። ረግጦት በማያውቀው የመዝሙሩ አገር ውስጥ ገብቷል፤ ሲያየው ግን ያው ሦስቱ ኮርዶች ናቸው የሚዞሩት፣ ሌላ ምንም የለም። ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራው ይህንን ነበር እንዴ? ደረቱን ነፋ። ክሮቹን ጠበቅ አድርጎ መታ። እህቱ ጊታሩ አጠገቧ መድረሱን ስትሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ እሱም አልቀረላትም፣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው መዝሙሩን ይዘውት ሄዱ። በሩ አጠገብ ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያብሳሉ። ሚስቱ ጎኗ የተቀመጡትን ሴትዮ ክንድ ጨብጣ ባሌ ነው፣ ባሌ ነው ትላለች።

«ሁሉም መጣ፣ ማንም አልቀረ» ብላ እህቱ መዝሙሩን ጨረሰች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልብስ ሰፊው ግን መምታቱን አላቆመም። ሊያቆም ፈልጎ ነበር፤ ችግሩ መዝሙር እንዴት እንደሚያልቅ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ደርሶ ያውቃል እንዴ? ማን አስተማረው? ሰዓት ሠሪውን በዓይኑ ለመናቸው፤ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሦስቱ ኮርዶች ይዞራሉ፣ ይዞራሉ። ሰው መሳቅ ጀመረ፣ እሱም ራሱ ሳቁ አመለጠው፣ እየሳቀ ይመታል። ዳይሬክተሩ የስንብት ንግግራቸውን ይዘው ተነሥተው ቆመው ቆመው ተቀመጡ።

እህቱ ወደ እሱ መጣች። ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ግን ትስቃለች። ጎንበስ ብላ በጆሮው፣

«በል እንግዲህ፣ ወንድም ዓለም፣ አሁን ከመጀመሪያው» አለችው።

ፀሐይ ወጣች ስትል ልጆቹ ከወለሉ ተነሡ፤ ማን ቀረ ስትል ወላጆቹ፣ ድሮ እሷው ስማቸውን እየጠራች ያስገባቻቸው ሰዎች፣ ክራባታቸውንና ቦርሳቸውን እንደያዙ እንደ ሕፃን አብረው ዘመሩ። ልብስ ሰፊው መሃላቸው ተቀምጦ ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ ማንም አልቆጠረም፤ እሱም አልቆጠረም።