የአቴና ድምፅ

ወይዘሮ ቫሶ ወርቃማ ቀለም የተቀባውን የካርቶን የራስ ቁር ከኤልያና አናት ላይ አንስተው አጠገቧ ለቆመችው ነጭ ልጅ ደፉላት።

"እንዲህ ይሻላል" አሉ፣ ራቅ ብለው እያዩ።

ያፌት ይህን ሲያይ የአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ኤልያናን ከሚኖሩበት ከስካርቦሮ እዚህ የግሪኮች ሰፈር ዳንፎርዝ ያለው የግሪክኛ ትምህርት ቤት ድረስ ማመላለስ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ሚስቱ ኤፊ ግሪክ ናት፤ በልጅነቷ የተማረችው እዚሁ፣ ያስተማሯትም እኚሁ ወይዘሮ ቫሶ ናቸው። በግሪክ ብሔራዊ በዓል ትርኢት ላይ ኤልያና የጥንቷን የጥበብ አምላክ አቴናን ሆና ረጅሙን ግጥም እንድትል ተመርጣ፣ ክረምቱን ሙሉ ስታጠና ነው የከረመችው።

"ምን ተፈጠረ?" አለ ጠጋ ብሎ።

"ምንም። ግጥሙን የምትለው ያው ኤልያና ናት" አሉ ፈገግ ብለው። "ግሪክኛዋ ከሁሉም ይበልጣል። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና በማይክ ትለዋለች። ከፊት የምትቆመዋ ግን... ሰው ሙዚየም ውስጥ የሚያውቃትን ነጯን የእምነበረድ አቴና ነው ማየት የሚፈልገው። ይገባሃል፣ አይደል?"

ያፌት ወደ ኤፊ ዞረ። ኤፊ አቀርቅራ የልጅቷን ጃኬት ዚፕ ትዘጋለች።

መኪና ውስጥ እንደገቡ ፈነዳ። "አንድ ቃል እንኳን አይወጣሽም?"

"አንተ አታውቃቸውም" አለች ኤፊ መሪውን ጨብጣ። "አክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ያለው የጥንት ቤተ መቅደስ ሁሉ የእኛ ነው እያሉ ነው ያሳደጉን። አባቴ ቀኑን ሙሉ የሰው ሳህን አጥቦ ሲገባ ቀና የሚያደርገው ያ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሆኜ ለአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ግሪክ ስሄድ ነው ሌላውን የሰማሁት። እዚያ ኮረብታ ላይ መስጊድ ነበረ፣ ግንብ ነበረ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ነበረ። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የጥንቱ ብቻ እንዲታይ አፍርሰው ጠረጉት። ሐውልቶቹም ቢሆኑ ቀለም የተቀቡ ነበሩ እኮ! ነጭ የመሰሉት ቀለሙ ለቆ ነው።"

"ታዲያ ይህን እዚያ ውስጥ አትናገሪም ነበር? ለእኔ ምን ይሠራልኛል?"

መንገዱ ተዘግቶ መኪናው እንደ ኤሊ ይንፏቀቃል። ያፌት ወደ ኋላ ወንበር ዞረ።

"ኤልያናዬ፣ ተያቸው። አንቺ የአክሱምን ሐውልት ያቆሙ ሰዎች ልጅ ነሽ። ማንም አይበልጥሽም።"

"ዳዲ፣ አንተ አይተኸዋል?"

"እኔ... ናዝሬት ነው ያደግኩት። በአካል አላየሁትም።"

"ኦኬ" አለች ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ። "እኔ ግን የምፈልገው ግጥሙን ነው።"

ያፌት ወደ ፊት ተመለሰ። ልጅቷ የፈለገችው ግጥም ነው፤ እሱም እንደ ወይዘሮ ቫሶ የጥንት ድንጋይ ነበር ያቀረበላት። ንዴቱ አልበረደም፤ በማን ላይ እንደሆነ ብቻ ጠፋው።

በማግስቱ ወደ ትርኢቱ "ልሂድ" ያለችው ራሷ ኤልያና ናት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወላጆቿ መሀል ላይ ተቀምጠው መጀመሩን ሲጠብቁ፣ ከመድረኩ ጎን ወጥታ በሰው መሀል እየተሽሎከለከች መጣች።

"ማሚ፣ እዚያ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ማንም አይታየኝም። ግጥሙን ለማን ነው የምለው?"

ወይዘሮ ቫሶ ከኋላዋ ደረሱ። "ኤፊ! ልጅቷን አምጫት፣ ልንጀምር ነው!"

ኤፊ እንደ ተማሪ ብድግ አለች። ያፌት ፊቱን አዞረ፤ ልጅቷን ይዛ ልትሄድ መስሎት ነበር።

"ከፊት ከሆነ አሁኑኑ ትመጣለች" አለች ኤፊ።

"አሁን? ያቺኛዋ ልጅ ቁሩን ደፍታ ቆማለች እኮ!"

"እንግዲያው ግጥሙንም እሷው ትበለዋ።"

ወይዘሮ ቫሶ የቀድሞ ተማሪያቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ዙሪያው ያለው ሰው ዞር ዞር እያለ ያያል። ኤፊ ፊቷ ቀልቶ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከእሷና ከያፌት መሀል ካለው ወንበር ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ለልጇ ቦታ ለቀቀችላት።