ያልታረቁት ሁለት አውታሮች

ውበቴ ነገሩን የሰማው በሰባት ዓመቱ፣ ጎንደር ገጠር፣ መደብ ላይ ተኝቷል ተብሎ ሳለ ነው። አባቱ የጎረቤት ልጅ ቀብረው፣ የሐዘኑ ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ፣ ክራራቸውን በአንቺሆዬ ቃኝተው ይመታሉ። አብረዋቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ኧረ አያ፣ እነዚህ ሁለት አውታሮች ተጣልተዋል፤ ምናለ ብታስማማቸው?» አሉ። አባቱ የሆነ ነገር መለሱ። መልሱ ላይ ግን እንቅልፍ ጣለው። ይኸው አርባ አምስት ዓመት ይቆጨዋል።

ዛሬ እስራኤል አገር፣ ክርያት ያም ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ቀን ፋብሪካ ይውላል፤ ከሥራ መልስ፣ ያለ አስተማሪ፣ ክራር ይለማመዳል። ለጨዋታ ብሎ አይደለም። የእህቱ የተናኜ ልጅ ኤሊሻ አምና ከሕንፃ መወጣጫ ወድቆ ሞተ። ተናኜ ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሰችም፤ ስሙንም አልጠራችም። የዓመቱ ተዝካር ማክሰኞ ነው፤ እሷ ግን መቃብሩ ድረስ አልሄድም ብላለች። አባታችን ይመቱት የነበረውን ባሰማት ምናልባት እንባዋ ይፈታ ይሆናል ብሎ፣ ስድስት ወር ጣረ።

ያስቸገረው ቅኝቱ ነው። በሌላው ቅኝት አውታሮቹ እንደ ጨዋ ጎረቤት ተከባብረው ይቀመጣሉ። በአንቺሆዬ ግን ሁለቱ በጣም ይጠጋጉና ይገፋፋሉ፤ ጆሮ ይቆረቁራሉ። ውበቴ በሰማ ቁጥር አንዱ የላላ እየመሰለው ያጠብቀዋል። ሲያጠብቀው ደግሞ ሐዘኑ ይጠፋል።

ልጁ ሞሪያ ስልኩ ላይ የክራር መቃኛ መተግበሪያ ጫነችለት።

«አባ፣ አረንጓዴ ሲሆን ቤሰደር፣ ልክ ነው። ቀይ ከሆነ አበላሽተሃል።»

«ጆሮሽ የት ሄዶ ነው በዓይን የሚቃኘው?»

«ጆሮማ ካንተ ወረስኩ! ለዚህ እኮ ነው ስልክ የሚያስፈልገኝ።»

ስድስቱንም አረንጓዴ አደረጋቸው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ክራሩን በነጠላ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ወደ ሀዳር፣ ተናኜ ቤት፣ ወጣ። ሻማ እስኪበራ ሁለት ሰዓት ቢቀር ነው፤ ሰንበት ከገባች ክራር አይነካም። ተናኜ በሩን ከፈተችለትና ወንበሯ ላይ ተመለሰች። የኤሊሻ የሥራ ጫማ፣ ሲሚንቶው እንደ ደረቀበት፣ ከበሩ ሥር ተቀምጧል።

መታላት። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ጨረስህ?»

«ጨረስሁ፣ እትዬ።»

«ይኸንማ፣ ወተት ልገዛ ስገባ፣ ሱቁ ውስጥ እሰማዋለሁ። አባባ እንዲህ አይመቱም።»

«ስልኩ ልክ ነው ብሎኛል።»

«ስልኩ ማን ሞቶበት ያውቃል?»

እጇን ዘረጋች። ክራሩን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ የሁለተኛውን አውታር መቃኛ ወደ ኋላ ጥቂት መለሰችው፤ ነካ አደረገች፣ አሁንም መለሰችው። ሁለቱ አውታሮች መፋጨት ጀመሩ። ውበቴን ጥርሱን አሳከከው። በቃሽ ሊላት ነበር፤ ግን ይህንኑ ድምፅ መደቡ ላይ ሆኖ መስማቱ ትዝ አለው።

«ያኔ ሽማግሌው አስማማቸው ሲሉ ነቅተሽ ነበር?»

«ነበርሁ።»

«አባባ ምን አሉ?»

አውታሮቹን በመዳፏ ጸጥ አደረገቻቸው።

«‹የልጁ እናት ከእግዜር ተጣልታለች። እነሱ ሳይታረቁ እኔ አውታር ላስታርቅ?› አሉ።»

ውበቴ የጧት ጸሎት አስታጉሎ አያውቅም። ይቅር ይበለን ሊል ቃጣውና ዋጠው። ክራሩን ተቀብሎ መታ። እጁ ወደ መቃኛው ሊሄድ ሲል መለሰው፤ ደግሞ ሊሄድ ሲል መለሰው። አውታሮቹ እንደተጣሉ ቆዩ። ተናኜ አላለቀሰችም። ብቻ ዓመት ሙሉ የሸሸችውን ጫማ አሁን ትክ ብላ ታየዋለች።

የሻማው ሰዓት ሲቃረብ ክራሩን ጠቀለለው።

«እስከ ማክሰኞ አውታሩን ታጠብቀውና!» አለችው።

«አልነካውም።»

«ማልልኝ።»

«እኔ አልምልም፤ ታውቂኛለሽ። አልነካውም ብያለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያ መቃብሩ ድረስ እመጣለሁ። አንተ ትመታለህ፤ እኔ ስሙን እጠራለሁ።»