የላፋዬቱ የሙሽሮች ቤት

ደወሉ ሲጮህ ምርጫ ላይ ነበሩ። ዶርሳፍ ሰብሳቢ እንድትሆን የሚደግፉ ሁሉ እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ እጆቹ እዚያው አየር ላይ ደርቀው ቀሩ። ዶርሳፍ ክው አለች። በዚህ አገር ወንድ ወንድን ወደደ ተብሎ ወህኒ ይወርዳል፣ ሴትም እንዲሁ፤ እነሱ ደግሞ በመጋረጃ በተሸፈነ ሳሎን ተሰብስበው እንዲህ ላለው ሰው ሁሉ ማኅበር እያቋቋሙ ነው።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ" አለች ጠበቃዋ ኦልፋ። "መሰብሰብ ወንጀል አይደለም። ደንባችን ተጽፏል፣ አድራሻ አለን፣ ነገ ወስጄ አስገባዋለሁ።"

"ይህንን ለሚደበድበኝ ፖሊስ ንገሪው" አለ አንዱ ከጥግ።

ከሁሉ ያስጨነቃቸው አድራሻው ነበር። ማኅበር ያለ አድራሻ አይመዘገብም፤ በቱኒስ ደግሞ ላላገቡ ወንድና ሴት ቤት የሚያከራይ ሰው ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ ዶርሳፍና ጓደኛዋ ወጅዲ "ተጫጭተናል" ብለው ዋሹ። ወጅዲ በዕድሜው ሴት ወዶ አያውቅም፣ ዶርሳፍም ወንድ። በላፋዬት ሰፈር ያገኙት ቤት ባለቤት ሐጂ ሙንሲፍ ግን በቀላሉ የሚሸወዱ ሰው አልነበሩም፤ "የልጁን እናት በስልክ አገናኙኝ፣ ከአፋቸው ልስማ" አሉ። ወጅዲም ጭንቅ ሲይዘው አገናኛቸው። እናቱ እመት ዘኪያ፣ በአገሩ አጠራር ላላ ዘኪያ፣ የልጃቸውን መታጨት የሰሙት ያኔ ነው። ስልኩ ላይ በደስታ አለቀሱ፣ ሐጂን መረቁ፣ ቁልፉም ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየደወሉ "ሙሽራዬ፣ በላሽ ወይ? ጠጣሽ ወይ?" ይሏት ጀመር፤ ዶርሳፍም ስልኩን በዘጋች ቁጥር ራሷን ትጠላለች።

ስብሰባውን ለመውሊድ ያደረጉትም በብልጠት ነበር። ሐጂ ልጆቻቸው ዘንድ ይውላሉ፤ በየደረጃው ሳህን ይዞ የሚወጣው የሚወርደው ስለሚበዛ ማን ማንን ያያል ብለው ነው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ዶርሳፍ በጣቷ ጫፍ ሄዳ በበሩ ቀዳዳ አየች። ፖሊስ አልነበረም። ፖሊስ ቢሆን ይሻል ነበር።

"እናትህ ናቸው" አለችው ወጅዲን። "ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል።"

የወጅዲ ፊት አመድ መሰለ። "መውሲሙ ነው" አለ። "በበዓል የወንዱ እናት ለልጅቷ ስጦታ ታመጣለች። ያንቺ ቤተሰቦች ደግሞ ሩቅ ጋቤስ ናቸው፣ ወዴት ይወስዱታል? እዚህ ነው እንጂ።"

"አሁን ነው የምትነግረኝ?"

"እኔ መቼ እጮኛ ኖሮኝ ያውቃል፣ በምን ላስታውሰው።"

ደወሉ ደግሞ ጮኸ። ከፈቱ።

ላላ ዘኪያ ዶርሳፍን ግራና ቀኝ ስመው ገቡና ሳሎኑን ሲያዩ ቆም አሉ። "እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?"

"ጓደኞቻችን ናቸው። ግድግዳ ሊቀቡልን" አለ ወጅዲ።

"በመውሊድ? በተተኮሰ ሸሚዝ?" አሉ፤ ግን ደስታቸው ከጥርጣሬያቸው በለጠ። አሲዳውን፣ የመውሊዱን ጣፋጭ ገንፎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ በላዩ በለውዝና በፒስታስዮ ትልቅ አበባ ሠርተውበታል። ከዚያ ከጡታቸው መሐል መሐረብ አወጡና ፈቱት። የወርቅ አምባር ነበር።

"የእናቴ ነው። እሷ በእጇ አጠለቀችልኝ። እኔ ሴት ልጅ አልወለድኩም፣ ለማን ላድርገው ስል ኖርኩ። እጅሽን ስጪኝ፣ ልጄ።"

ኦልፋ "ተቀበያቸው" ብላ በዓይኗ ጠቀሰቻት። ዶርሳፍ ገብቷታል። እጇን ከሰጠች ቤቱ ይኖራል፣ አድራሻው ይኖራል፣ ማኅበሩ ነገ ይመዘገባል። እጇን ዘረጋች። የአሮጊቷ ጣቶች በደስታ ተጣድፈው አምባሩን ለመክፈት ሲታገሉ አየች፤ ያን ጊዜ አንጀቷ እንቢ አላት።

"ላላ ዘኪያ፣ ለእኔ አይሆንም።"

"ጠበበሽ? አንጥረኛ ያሰፋዋል።"

"እኔና ወጅዲ አንጋባም። እኔ የምወደው ሴት ነው። ቤቱን ለማግኘት ብለን ዋሸንዎት።" እጇን ሰበሰበች። "የእሱን እሱ ይንገርዎት።"

ወጅዲ ተነስቶ ቆመ። "እማ፣ እኔም እንደሷ ነኝ። እዚህ ያለነው ሁላችንም እንደዚያው ነን።"

ላላ ዘኪያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አሉት። "ያን ቀን በስልክ ሳለቅስ ስትሰማ ምን አልክ በሆድህ?"

መልሱን ሳይጠብቁ አምባሩን በመዳፋቸው ጨብጠው በሩን ከፈቱ።

በሩ ላይ ሐጂ ሙንሲፍ ቆመዋል። ኋላቸው ደረጃው ላይ ሁለት ጎረቤቶች አንገታቸውን አስግገዋል።

"ላላ ዘኪያ ነዎት?" አሉ ሐጂ። "ድምፅዎን አወቅሁት። ወንድና ሴት ተደባልቆ፣ በር ዘግቶ፣ መጋረጃ ጋርዶ ተሰብስቧል ብለው ከምሳዬ አስነሱኝ። እኔ ያከራየሁት ለሙሽራ ነው። ሙሽራ ያለበት ቤት ከሆነ እልልታው የት አለ?"

አሮጊቷ አንዲት ቃል ከተናገሩ ሁሉም ማታውን በፖሊስ መኪና መጫናቸው ነው፤ ለመናገርም ምክንያት አላቸው፣ ማን ይፈርድባቸዋል? ላላ ዘኪያ ሐጂን አዩ፣ ጎረቤቶቹን አዩ። ወደ ልጃቸው አልዞሩም።

ከዚያ አምባሩን የጨበጡበትን እጅ ወደ አፋቸው አቀረቡና እልል አሉ። ረጅም ነበር፤ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ። ከላይኛው ፎቅ ምንም የማያውቁ ሴቶች በር ከፍተው በእልልታ መለሱላቸው። እሳቸውም እንባቸው እየወረደ ደገሙት።

ሐጂ አፈሩ። "ማብሩክ፣ ማብሩክ፣ አላህ ይባርክላቸው" እያሉ ጎረቤቶቹን ነድተው ወረዱ።

ወጅዲ "እማ" ብሎ እጁን ሰደደ። ላላ ዘኪያ መሐረባቸውን አምባሩ ላይ ጠቀለሉት።

"ላንተ ሰርግ ያስቀመጥኩት እልልታ ይኸው ነበር" አሉት። "ሌላ የለኝም።" የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ።