ጠባየ ምስጉኑ ጤፍ

የንግድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው አምሐ ስለ አፍሪቃ አገሮች ተመራጭ የንግድ ቀጣና ውል አዲስ አበባ ዐሥር ቀን ሴሚናር ተካፍሎ ነበር፤ ሦስቱ ቀን የመክፈቻ ንግግር ነው። ስለዚህ በ1975 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ ውሉን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልተገኘም። በቀበሌው የእሑድ ስብሰባ ተነሥቶ፣ ከዛምቢያ እስከ ኬንያ ያሉ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ገበያቸውን እርስ በርስ ሊከፍቱ መፈራረማቸውን፣ አንድ ዕቃ የት እንደ ተመረተ የሚመሰክር ወረቀት ከያዘ ቀረጥ ቀሎለት ድንበር እንደሚያልፍ አስረዳ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለስብሰባው ማለቅ ይሆናል ብሎ አልጠረጠረም።

ከልባቸው ያዳመጡት አምሐን በቤታቸው ደባል ያደረጉት ወይዘሮ የብርጓል ብቻ ነበሩ። ባላቸው የተቀበሩት ጎርጎራ፣ ከአባቶቻቸው ጎን ነው። ሙት ዓመታቸው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ለድግሱ የታሰበው ሁለት ኩንታል ጤፍ ግን ባሕር ዳር ነው ያለው። ጎርጎራ ከሐይቁ ማዶ፣ ጎንደር ክፍለ ሀገር ናት። ከጎጃም ደግሞ እህል ያለ ፈቃድ አይወጣም።

ወይዘሮ የብርጓል፣ ለኬንያ የተፈቀደ ለጎርጎራ ምን ይከለክለዋል ብለው ቀበሌ ሄዱ። ጸሐፊው ለጤፍ የሚሆን ቅጽ ስላልነበረው ለነዋሪ በሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ሞላላቸው፦ ጤፍ፣ ሁለት ኩንታል፣ የትውልድ ቦታው ሜጫ፣ ጠባዩ ምስጉን፣ ከማናቸውም ፀረ አብዮት እንቅስቃሴ ነፃ የሆነ። ማኅተም ተመታበት።

ጤፉን አስጭነው ሐይቁ ዳር ሲደርሱ፣ የወደቡ ኬላ ኃላፊ አስናቀ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ማን እንደ መከራቸው ሲጠይቃቸው፣ የሚያፍሩበት ነገር አልነበራቸውምና የአምሐን ስም ጠሩ። አምሐ ተጠርቶ መጣ።

አስናቀ ክፉ ሰው አልነበረም። «ጓድ አምሐ፣ ያሳሳትኋቸው እኔ ነኝ ብለህ ፈርም። ጤፉን ይዘው ቤታቸው ይመለሱና ፈቃድ ይጠይቁበታል። አይደለሁም ካልህ ግን አውቀው ነው ያደረጉት፤ ይወረሳል» አለው።

አምሐ እስክሪብቶውን ያዘ። ስለዚሁ ውል ዛምቢያ፣ ሉሳካ ለሚደረገው ስብሰባ ስሙ ተላልፎ ነበር፤ በዕድሜው አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ሕዝብ ያሳሳተ ሰው ደግሞ እንኳን ሉሳካ፣ እዚሁ ቅርብ መራዊም አይላክም። በመስኮቱ ወይዘሮ የብርጓል ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይታዩታል። የተናገረው ስለ አገሮች እንጂ ስለ ክፍለ ሀገሮች እንዳልሆነ፣ ለግለሰቧም የሰጠው ምክር እንደሌለ ጽፎ ፈረመ። ቃል በቃል እውነት ነበር። ውሸት ቢሆን ንስሐ ይገባበት ነበር።

ቤት ሲደርስ ወይዘሮ የብርጓል ቀድመውት ገብተዋል። እራቱን አቀረቡለትና፣ «ስምህን በማንሣቴ ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ያልገባኝን ይዤ ያጠፋሁ እኔ ነኝ» አሉት። ይቅር ብያለሁ ማለት አፉ እምቢ አለው፤ አልልም ማለትም አይቻል። እሺ እንደ ማለት ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ ቃሉን ሊለውጥ ወደ ኬላው ሮጠ። ጤፉ ግን በጠዋት ወደ መንግሥት መጋዘን ተጭኖ ሄዷል።

ያለ ፈቃድ የሚያልፈው የአንድ መንገደኛ ስንቅ ሃያ አምስት ኪሎ ነው። ወይዘሮ የብርጓል ከጎረቤት ለምነው ያን ያህል ሲያገኙ፣ አምሐም የራሱን ሃያ አምስት ኪሎ ተሸክሞ አብሯቸው ጀልባ ተሳፈረ። ሉሳካ እንዲሄድ የተፈቀደበት ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ነበር። ደቅ ደሴትን ሲያልፉ አላስችል አለው።

«እትዬ፣ ያን ቀን ኬላው ላይ እኔ...»

«አውቃለሁ። ከኬላው ሳልወጣ አስናቀ የፈረምኸውን አንብቦልኛል።»

«ታዲያ ለምን እርስዎ ይቅርታ ጠየቁኝ?»

ወይዘሮ የብርጓል ነፋስ የገፈፈውን ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «አፍረህ እራትህን እንዳትተው ነዋ። በአንድ ጣራ ሥር እያደርን፣ አንዳችን መጀመር ነበረብን።»

ጎርጎራ ሲወርዱ የሟች ዘመዶች ወደቡ ላይ ይጠብቁ ነበር። ሁለት ኩንታል የጠበቀ ዓይናቸው ሁለቱ ትናንሽ ጆንያዎች ላይ አረፈ። ወይዘሮ የብርጓል አምሐን በክንዱ ይዘው ወደ ፊት አቀረቡትና፣ «ጤፉን ያመጣልኝ ልጅ ይኼ ነው» አሉ።

ዘመዶቹ ተራ በተራ እየሳሙ አመሰገኑት።