እጅሽን አንሺ

"አሁንም ወደ አንቺ አጋደለ" አለ ወንድሟ፤ የያዘውን የነሐስ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

እህቱ መልሳ አነሳችው። ሟች አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሚዛን በጠገኑባት ጠባብ ክፍል ከጧት ጀምረው ተዘግተዋል። በሁለቱ ሳህኖች ላይ እያፈራረቁ የሚጭኑት አባትየው ከተበላሹ ሚዛኖች እየነቀሉ ያጠራቀሙትን ነሐስ ነው፤ አንዱ ካንዱ ክብደቱ የማይገጥም። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ፣ "አንድም ሳይቀር ለሁለታችሁ እኩል ይከፈላል፤ ሚዛን ላይ አይቼዋለሁ" አሉ። የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ ሳይናገሩ ትንፋሻቸው ቆመ። ምን ዓይነት ሞት ነው ደግሞ!

"መቼም አባዬ አይዋሽም" አለች፤ የሒሳብ መምህር ናት። "መልስ አለው። ግን መኖሩን ማወቅና ማግኘት ለየቅል ነው። አንድ ቁራጭ በጨመረ ቁጥር የምንሞክረው እጥፍ ይሆናል። ክብደታቸውን ያስገባሁበት ኮምፒውተርም ሲያጓራ ሰነበተ፤ በዚህ አያያዙ የልጅ ልጆቻችንም አያዩትም።"

"ተይ እታለም፣ ክፍል ውስጥ አይደለሽም።" ፊቱን በእጁ ጠረገ። "ነሐሱ ምኔም አይደለም። አባዬ አንቺን አስተማረ፣ እኔን ከዚህ ክፍል አባረረኝ። እኩል ናችሁ ካለ አንድ ጊዜ በዓይኔ ልየው። ካልሆነ መኪናዬን አስነስቼ እሄዳለሁ፤ እዚህ ቤት ዳግም አልረግጥም።"

ያላት እሱ ብቻ ነው።

ከኋላዋ ሳል ተሰማ፤ ያ የአባቷ ደረቅ ሳል። ዞር አላለችም። ካረፉ ጀምሮ እዚህ በገባች ቁጥር ትሰማዋለች፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። "አባዬ፣ አይተኸው ከሆነ ንገረኛ!" አለች በልቧ። ሳሉ ብቻ መለሰላት።

ቁራጮቹን እንደገና ደለደለች። መርፌው ተወዛውዞ፣ ተወዛውዞ፣ ከመሐሉ መስመር ፀጉር ታህል ወደ ወንድሟ ሳህን አዘንብሎ ሊቆም ሆነ። እሱ ተንበርክኮ ዓይኑን መርፌው ላይ ተከለ።

ሲመዝን ሚዛኑን በጣቱ የሚነካ ነጋዴ ካዩ አባታቸው ሰማይ ምድሩ ይደበላለቅባቸው ነበር። "እጅህን አንሳ!" ብለው ከደጃቸው ያባረሩት ስንቱ ነው።

አውራ ጣቷን ከራሷ ሳህን ጀርባ፣ ጠርዙ ላይ አሳረፈች። ቀስ ብላ ጫነች። መርፌው መሐል ገባ።

"እታለም..." ድምፁ ተሰበረ። "እውነቱን ነው! እኩል ነን!" ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

"እጅሽን አንሺ" አለ ከኋላዋ የምታውቀው ድምፅ፣ ሳል እያቋረጠው።

ጣቷን ግን አላነሳችም።

"ቀና በል ማሙዬ" አለችው፤ "በደንብ እየው።"