በእኔ ኢቃማ

ከሁለት ዓመት በፊት የኩላሊት ጠጠር ይዞኝ ነበር። ጅዳ ያከመኝ ሐኪም፣ በሙቀት ውሃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ሽንቱ ይወፍርና ዝቃጩ ጠጠር ይሆናል ብሎ አስረዳኝ። በአሠሪዬ በማዳም ቤት ውሃ የሚጠጣው ሥራ ሲያልቅ ነው፤ ሥራው ደግሞ አያልቅም። ትንሹ ጠጠር በብዙ ውሃና በመድኃኒት ይወጣል አለኝ፤ የእኔም እያስጮኸኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጎኔን ላለች ሠራተኛ ሁሉ ሐኪሟ እኔ ሆንኩ።

ዘይቱና ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ሂንዳዊያ በሚባለው የጅዳ ሰፈር ከአምስት ሴቶች ጋር ተዳብላ ትኖር ነበር። ከወሎ አብረን ነው የወጣነው። ጎኗን ይዛ ስትንከባለል ሳገኛት እንኳን ልደነግጥ ሳቅሁባት።

«ጠጠር ናት፤ እኔ አውቃታለሁ። ውሃ ጠጪ፣ ኢንሻአላህ ትወጣለች» አልኳት። የተረፈኝን ክኒንም ሰጠኋት።

በሦስተኛው ቀን አተኮሳት፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ጠጠር ከትኩሳት ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው ብሎኝ ነበር ያ ሐኪም። አልረሳሁትም። ግን ኢቃማ የላትም፤ በእኔ የመኖሪያ ወረቀት ታክማ ብንያዝ ሁለታችንም ወደ አገር ነን። አንድ ቀን ልጠብቅ አልኩ። ለዚያች አንድ ቀን አላህ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ኢቃማዬን አስይዤ ወሰድኳት። ፊቷ የተሸፈነ ነውና ፎቶውን ያስተዋለ የለም።

«ራቢዓ!» ብላ ነርሷ በእኔ ስም ስትጠራ፣ ዘይቱና ባላት አቅም በዐረብኛ «ነዓም»፣ አቤት፣ አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ጠጠሩ የሽንቱን መውረጃ ዘግቶት ከበላዩ መግል ቋጥሯል አሉ። መጀመሪያ መግሉ በቀጭን ቱቦ ይፈሳል፣ ጠጠሩ የሚሰበረው ሲሻላት ነው። ቱቦውን አስገቡላት። ግን ደሟ ተመርዞ ነበር። ትናንት ብትመጣ ኖሮ አሉኝ። የዐስር ሶላት ሲሰገድ ሞተች።

ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። «ራቢዓ ሞታለች። ምኗ ነሽ?»

ዝም ብል ዘይቱና በስሜ ትቀበራለች፤ እናቷም ልጄ ትደውላለች እያሉ ሲጠብቁ ይኖራሉ።

«ራቢዓ እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ ዘይቱና ሙክታር ናት።»

ወደ አገሬ መለሱኝ። አሁን እናቷ በየጁምዓው ያስጠሩኛል።

«ልጄ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

«ሲጠሯት አቤት አለች» እላቸዋለሁ። በማን ስም እንደጠሯት ግን እስከዛሬ አልነገርኳቸውም።