የአጥሩ ጥግ ፖሞች

ዳኛዋ ከግንዱ ላይ የፈታችውን ካርቶን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስታየው ክው አለች። «ዳኛዋ» የሚለውን ስም ያወጣችላት የወንድሟ ሚስት ናት። ዳኛዋ የወደቀ ፖም ባገኘች ቁጥር ቢላዋዋን መዛ ለሁለት ትከፍልና «ነጻ» ወይም «ጥፋተኛ» እያለች ስለምትፈርድ፣ ስሙ አልበዛባትም። ዛሬ ግን እጇ ላይ ፖም የለም። በካርቶኑ ሽንሽኖች ውስጥ፣ ድራቸውን ተጠቅልለው፣ ቤት የተሰጣቸው ይመስል ተደላድለው የተኙ ትሎች ናቸው ያሉት።

ካርቶኑን ያሰረችው ራሷ ናት። የፖም ትል ፍሬውን በልቶ ሲጠግብ ወጥቶ የሚተኛበት የቅርፊት ስንጥቅ ይፈልጋል፤ ስንጥቅ መስሎት ካርቶኑ ውስጥ ሲገባ ካርቶኑን ፈትቶ ማቃጠል ነው። በየግንዱ ላይ ሁለት ሁለት አስራለች፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ዛፍ ላይ ካለ ፍሬ የሚወርደውን የላይኛው ይይዘዋል፤ መሬት ላይ ከወደቀ ፍሬ ወጥቶ ሽቅብ የሚሳበውን ደግሞ የታችኛው። በዚህ በአጥሩ ጥግ የላይኞቹ ካርቶኖች ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። የታችኞቹ ግን ሞልተዋል።

ስለዚህ ትሉ ከመሬት ነው የመጣው። መሬቱ ላይ ደግሞ አንድም የወደቀ ፖም የለም። እንዲያውም አስባበት አታውቅም እንጂ፣ በዚህ ጥግ የወደቀ ፖም ካየች ሰንብታለች። ነፋሱ ሌላውን ረድፍ ሁሉ እያራገፈ ይሄን ጥግ ብቻ የሚምርበት ምን ምክንያት አለው? ሰው ደስ የሚለውን ነገር ምክንያት አይጠይቀውም፤ እሷም አልጠየቀችውም ነበር።

ነገሩ የፖም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከበዳት። ታላቅ ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ የመርዝ መርጫውን ታንክ በጀርባው ተሸክሞ ይህን እርሻ ሲረጭ ኖሯል፤ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ፣ አንዳንዴም ሳይሸፍን። አሁን ሳንባው አልቋል። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነው የነገረው፤ መርዙ አጠገብ ዳግመኛ ከደረስክ እኔ ጋ አትምጣ፣ የምረዳህ ነገር አይኖረኝም ብሎታል። እሷም ያን ዕለት ርጭት ከዚህ ግቢ ወጣ ብላ ማለች።

በመርዙ ፈንታ በየቅርንጫፉ ላይ ትሉን የምትፈለፍለዋን የሴቷን የእሳት እራት ሽታ የያዙ ክሮች አንጠለጠሉ። ወንዱ ሴቷን የሚያገኛት በሽታዋ ነው። አየሩ ሁሉ እሷን እሷን ሲሸት ግን ምስኪኑ የቱ ጋ እንዳለች ጠፍቶት ሲንከራተት ያድራል፤ እሷም ሳትገናኘው ታረጃለች፤ ትልም አይወለድም። ችግሩ፣ ወንዶቹን ለመቁጠር የሚሰቀለው ወጥመድም የሚስበው በዚያው ሽታ ነውና ወንዱ ሴቷን እንዳጣት ሁሉ ወጥመዱንም ያጣዋል። ወጥመድ ባዶ መሆኑ ምንም አይመሰክርም። የሚታመን ምስክር የወደቀ ፖም ብቻ ነው፤ ያን ደግሞ ቆርጦ ማየት ነው።

ወንድሟ በአዲሱ ዘዴ የተስማማው በአንድ ቃል ነበር፦ «ትል ከታየ መርጫዬን አነሳለሁ። የአባቴን እርሻ ዓይኔ እያየ ትል አይበላውም።» እሷም በልቧ ሌላ ቃል ይዛለች፤ ትል ከታየ እሱ ሳይቀድመኝ እኔ እሸከመዋለሁ ብላለች። ይህንንም ለሚስቱ ብቻ ሹክ ብላታለች። ስለዚህ አንድ ትል ያለበት ፖም ተገኘ ማለት፣ ከሁለቱ የአንዳቸው ሳንባ ነው።

ካርቶኑን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ አጣጥፋ ከተተችና የእርሻውን ዘበኛ ፍለጋ ሄደች።

«ከአጥሩ ጥግ ፖም የምታነሳው አንተ ነህ?»

«እኔ?» አለ ዘበኛው እንደ መቀየም ብሎ። «እኔ ፖም መች እወዳለሁ፣ ጥርሴን ያመኛል። ደግሞ ከኔ ቀድመው እዚያ የሚደርሱት ጋሼ ናቸው። ንጹሕ አየር ለሳንባ ጥሩ ነው ብለው ማለዳ ማለዳ ይንሸራሸሩ የለ።»

መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ወንድሟ የሐኪም ምክር መስማቱ ደስ አሰኛት። ወዲያው ግን ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጋዘኑ ጎን በተደረደሩት ሣጥኖች ኋላ ቆማ ጠበቀችው። መጣ። ባልዲ ይዟል። ጎንበስ ይልና አንድ ፖም ያነሳል፣ ቀና ይልና ግንድ ተደግፎ ያርፋል፣ ደግሞ ጎንበስ ይላል። ትንፋሹ ሲያፏጭ ካለችበት ድረስ ይሰማታል። ወጥታ ባልዲውን ልትቀበለው ፈለገች፤ ፖሞቹን የት እንደሚወስዳቸው ለማየት ግን ታገሰች። ሲጨርስ ከአጥሩ ሥር አፈሩን በዶማ ጫር ጫር አደረገ፣ ፖሞቹን ዘረገፋቸው፣ አፈር መለሰባቸውና በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገው።

«ጋሼ።»

አልደነገጠም። ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ፖሞቹ አውራ ጣት ካከሉበት ጊዜ ጀምሮ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የእሳት እራቶቹ ከማዶ ነው የሚመጡት። ያ ባለቤት የሌለው እርሻ። ሴቶቹ እዚያው ተዳርተው፣ እርጉዝ ሆነው ነው አጥር የሚዘሉት። ያንቺ ሽታ ምን ያደርጋቸዋል?»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ለምን ይባላል እንዴ? ትሉን ካየሽ ታንኩን አንቺ ልትሸከሚ አይደል! ሚስቴ ምስጢር መያዝ የምትችል መስሎሻል?» መሬቱን አየ። «እኔ ያሳደግኩሽ እንደኔ እንድታፏጪ አይደለም።»

ዳኛዋ በአንድ ጊዜ ልታቅፈውም ልትጮህበትም ፈለገች። ዕንባዋ መጣ፤ ንዴቷ ግን ቀደመው። ዶማውን ከእጁ ወስዳ የቀበረውን ቆፈረች፣ ቀጥሎም የትናንቱን፣ ከሱ በፊት የነበረውንም። አፈሩ ስስ ነው። የበሰበሱትን ፖሞች አንድ በአንድ እያነሳች አሳየችው። እያንዳንዳቸው ላይ የተበሳ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ውስጣቸው ባዶ ነው።

«መቅበር ይገድላቸዋል ያለህ ማነው? ጠግበው ወጥተዋል እኮ። ብርድ ልብስ ነው ያለበስካቸው!»

ወንድሟ አንዱን ፖም ተቀብሎ ቀዳዳውን በጣቱ ነካካው። ዕድሜውን ሙሉ ትልን በመርዝ እንጂ በሌላ መንገድ ገጥሞት አያውቅም፤ የወደቀ ፖም ምን እንደሚደረግ ማወቅ አላስፈለገውም ነበር። ከኪሷ ካርቶኑን አውጥታ ስትዘረጋለት ፊቱ አመድ መሰለ።

«እነዚህ የተያዙት ናቸው» አለችው። «ያልተያዙት በቅርቡ ክንፍ ያወጣሉ። እንቁላላቸውን ሊደርስ በተቃረበው ፍሬ ላይ ነው የሚጥሉት።»

ቀስ ብሎ ተነሳ። «እንግዲያው ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይቺን ጥግ ብቻ እረጫታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አትረጭም።»

እሱ ግን ወደ መጋዘኑ አመራ። እሷም ተከተለችው። መጀመሪያ ሁለቱም እየተራመዱ ነበር፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሲፈጥን፣ ሳያውቁት ሮጡ። ታንኩ ከተሰቀለበት ምስማር ላይ አንዱን ማንገቻ እሱ፣ ሌላውን እሷ ያዙ። ሽማግሌ የሚያህል ሰውና ልጆች ያደረሰች ሴት በአንድ አሮጌ ታንክ ተጓተቱ። ድንገት የሱ እጅ ላላ። ትንፋሹ ገብቶ አልወጣ አለ። አፉ ተከፈተ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ ግድግዳውን እየታከከ ወደ መሬት ወረደ።

«እትዬ! ኧረ እትዬ ድረሺ!» ብላ ዳኛዋ ጮኸች።

ሚስቱ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች፤ የመተንፈሻ ፓፉን ከጡቷ መሃል አውጥታ አፉ ላይ ደቀነችው። ነፋችለት። ምንም የለም። ደግማ ነፋችለት። ዳኛዋ የወንድሟን እጅ ጨብጣ፣ እርሻው ገደል ይግባ፣ ፖም የሚባል ነገር ከምድር ይጥፋ፣ እሱ ብቻ አንዴ ይተንፍስ እያለች ለመነች። በመጨረሻ ፉጨቱ ተመለሰ። ያን ፉጨት እንዲያ ትወደዋለች ብላ አስባ አታውቅም።

ሚስቱ ግንባሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት። ከዚያ ወለሉ ላይ ወደ ወደቀው ታንክ ዞራ በእግሯ ገለበጠችው። ቂጡ በምስማር ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል።

«ሐኪሙ ቤት የሄድን ዕለት ማታ ነው የበሳሁት» አለች። «ደግሞ ተጣሉበት። ለዚህ ቤት የሚሞት ጠፍቶ ነው የምትሻሙት? እኔ ጎንህ ተኝቼ ስትተነፍስ እያዳመጥኩ ነው የማነጋው። ፖሙ ከጠፋ ሌላ ነገር እንበላለን። አንተ ከጠፋህ ማንን ላዳምጥ?»

ወንድሟ ሊስቅ ሞከረና አሳለው። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሁለቱም ሴቶች እስኪወጣለት ድረስ ተዉት።

ፀሐይ ከፍ ስትል ሥራ ጀመሩ። በአጥሩ ጥግ ያለውን ፍሬ፣ ጤነኛ ነው በሽተኛ ነው ሳይሉ፣ እንዳለ ሊያረግፉት ወሰኑ። ዘበኛውም መሰላል ይዞ መጣ። ካርቶኖቹን ሁሉ ፈትተው አቃጠሉ፤ የተቀበረውን ቆፍረው ከረገፈው ጋር በጥቁር ላስቲክ ከረጢት አሽገው ፀሐይ ላይ አሰጡት። እዚያ ውስጥ በሙቀት ይቀቀላል እንጂ የሚያመልጥ የለም። ጥሬ ፍሬ ከዛፉ መንጠቅ ለዳኛዋ ሥጋ እንደ መቁረጥ ሆነባት። ከዚያ ወዲያ ለነበረው ረድፍ ደግሞ ፈራች፤ ትሉ እዚያ ደርሶ ከሆነ እርሻው ሁሉ መራገፉ ነው።

ወንድሟ ጎንበስ ማለትም መሰላል መውጣትም ስለተከለከለ፣ ከጥላ ሥር ወንበር አውጥተው አስቀመጡት። ዳኛዋ ቢላዋዋን ሰጠችው። እሷ ከየዛፉ እያመጣች ከፊቱ ትቆልላለች፣ እሱ ይቆርጣል። የመጀመሪያውን ከፍሎ ዝም አለ። ጀርባዋን ሰጥታ እየለቀመች ነበር፤ ዝምታው ሲረዝም እጇ ቅርንጫፉ ላይ ቆመ። ማለዳ ማለዳ ሲያደርግ እንደኖረው እጁን ቢጨብጥና ባልዲው ውስጥ ቢጥለው ማንም አያየውም።

«ትል አለው» አለ ጮክ ብሎ።

«እሺ ጋሼ» አለች ሳትዞር። 

«ይሄም አለው። ይሄኛውም።»

«እሺ።»

ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ የራቀው ረድፍ ፖም ተራው ደረሰ። ይህን ጊዜ መሥራት ትታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሚስቱም ትከሻው ላይ እጇን ጣል አድርጋ ቆመች። እሱ አንዱን ቆረጠ፣ ሌላውን ቆረጠ፣ ክምሩን እስኪያጋምስ ድረስ ሳይናገር ቆረጠ። ከዚያ ሁለቱን ግማሾች በመዳፉ ላይ ዘርግቶ አሳያቸው።

«ነጻ ነው» አላት። «ራስሽ እዪው።»

አላየችውም። ቃሉን አምና መሰላሉን ለመሰብሰብ ተነሳች።